ዊዝድሮው የሞላ ልጅ ምን በደለ?

ይህችን ልጅ ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቃታል። ስሟና ዲፓርትመንቷ ይለያያል እንጂ በየባቹ አንድ አትጠፋም። ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣች፣ ሁለቱን ዓመት በጥሩ ውጤት ያለፈች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባቷ አረፉ። አርባቸው ሳይወጣ ምዝገባ ደረሰና ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ጥቅምት ላይ ክፍል ትገባ ነበር። ኅዳር ላይ መቅረት አበዛች። ታኅሣሥ ሲገባ ጭራሽ ከአልጋዋ መውረድ አቃታት። የዶርም ልጆች ምሳዋን ከካፌ በሳህን ያመጡላታል፤ «አይዞሽ፣ ታገሺ፣ ምን ቀረሽ?» ይሏታል። እናቷ ሲደውሉ «ደህና ነኝ እማዬ፣ ጥናት በዝቶብኝ ነው» ትላለች። ፋይናል ደርሶ ሁለት ፈተና ተቀመጠች፤ ሦስቱን ቀረች። ከዚያ ፍራሽና ባልዲዋን ለጓደኛዋ ትታ ወጣች። ቤቷ አልሄደችም። አዲስ አበባ አንዲት የአክስቷ ልጅ ዘንድ አርፋ እዚያው ሥራ ጀመረች። እናቷ እውነቱን የሰሙት ለፋሲካ ትመጣለች ብለው ዶሮ ከገዙ በኋላ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ወረቀት ሞልታ መውጣት ትችል ነበር። ወረቀቱ መኖሩንም ታውቃለች። ያልሞላችው ስላፈረች ነው።

ግቢ ውስጥ «ዊዝድሮው ሞላ» የሚባለው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ሰፈር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ሰፈር አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፦ «አቋረጠ»። ታሞ የወጣውም፣ በውጤት የተባረረውም፣ ሳይናገር የጠፋውም፣ አንድ ዓመት ሠርቶ እመለሳለሁ ያለውም በዚያው ቃል ይጠራል። ሬጅስትራር ግን እነዚህን ሰዎች በተለያየ ፋይል ነው የሚያስቀምጣቸው፤ የልጆቹን ዕድልም የሚወስነው ያ ፋይል ነው።

በሥርዓቱ የወጣ ተማሪ ምክንያቱን ጽፎ፣ የሐኪም ወይም ሌላ ማስረጃ ካለው አያይዞ፣ ዲፓርትመንቱ ፈርሞለት፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከዶርም ክሊራንስ ጨርሶ ይወጣል። የዚያ ሴሚስተር ትምህርት ውጤት አይያዝበትም። ያለፉት ዓመታት ውጤቶቹ ባሉበት ይቆያሉ። ጊዜው ሲደርስ ድጋሚ ቅበላ ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥላል። የቀን ገደቡና የሚፈቀደው የዕረፍት ርዝመት በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ቢለያይም መሠረቱ ይኸው ነው። ሳይሞላ የጠፋው ግን ያልተቀመጠበት ፈተና ሁሉ ይቆጠርበታል። ሲጂፒኤው ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ካልተመዘገበ ትምህርቱን እንደተወ ይወሰዳል። ከዓመት በኋላ ልብ ገዝቶ ሲመለስ ተማሪ ሆኖ አይደለም የሚገባው፤ ይቅርታ ጠያቂ ሆኖ ነው፤ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ «ለምን ያኔ አላሳወቅክም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈልግ።

ሁለቱ ልጆች በአንድ ወር፣ ምናልባትም በአንድ አውቶቡስ ነው ከግቢ የወጡት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ገጽ ወረቀትና ጥቂት ፊርማዎች ናቸው።

ታዲያ መቼ ነው መሙላት ያለበት? ብዙ ተማሪ «አንድ ሴሚስተር ልረፍ» ብሎ ያስባል። አንድ ሴሚስተር የሚባል ዕረፍት ግን በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የለም። ኮርሶቹ የሚሰጡት በባች ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሰጥ ኮርስ ተመልሶ የሚመጣው በዓመቱ ነው። ኅዳር ላይ የወጣ ተማሪ ቀጣዩን ባች ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር እንደምንም ጨርሶ የወጣም ዓመት ይጠብቃል፤ እሱ ግን ግማሹን ዓመት በእጁ ይዞ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ መቋቋም የሚችል ሰው የጀመረውን ሴሚስተር ዘግቶ ቢወጣ ይሻለዋል። ከአልጋዋ መነሳት ላቃታት ልጅ ይህ ምክር አይሠራም። እሷ የምትድነው ቶሎ በወጣች መጠን ነው።

ሲመለሱ የሚጠብቀው ነገርም ቀላል አይደለም። ባቹ አልፏል። አዲሶቹ የክፍል ልጆች የየራሳቸው የጥናት ቡድን አላቸው፤ የዶርም ልጆቹ በዕድሜ ያንሳሉ፤ የግሩፕ ሥራ ሲደለደል ተመላሹ የተረፈው ቡድን ውስጥ ይገባል። ካሪኩለም ሊቀየርም ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲጨመር የሦስት ዓመቱ ዲግሪ አራት ዓመት እንደሆነ ይታወሳል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የጓደኞቹ የምርቃት ቀን ነው። ጋዎን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እሱ ገና የሚቀሩትን ኮርሶች እየቆጠረ ነው። ይህን ሁሉ ሳያስብ «አረፍ ብዬ እመለሳለሁ» የሚል ልጅ ተመልሶ ሲመጣ ይደነግጣል፤ በሁለተኛው ወር ዳግም ይጠፋል።

ይህ ሁሉ እያለም መውጣት ያለበት ሰው አለ። እየታመመ ያለ ሰው መውጣት አለበት። ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ ኖሮት ሌላ አስታማሚ የሌለው መውጣት አለበት። በባዶ ሆዱና በባዶ ኪሱ ክፍል እየዋለ፣ ማታ ማታ ሥራ ፍለጋ የሚዞር፣ ከዚህም ከዚያም ሳይሆን ውጤቱ እየወረደ የሄደ ልጅ አንድ ዓመት ሠርቶ ቢመለስ ከመባረር ይተርፋል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ «ታገስ» የሚለው ምክር ለመካሪው ነው የሚቀለው።

መታገስ ብቻውን እንደማያስመርቅ የመውጫ ፈተናው አሳይቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ይነሳል፤ የግል ኮሌጆች ጥራትም፣ የዝግጅቱ ጊዜ ማጠርም። ሆኖም ከወደቁት መካከል አካሉ ክፍል፣ ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ዓመታቱን የገፋ ስንቱ ነው? ኮርሶቹን በዲ እየገፋ አራተኛ ዓመት የደረሰ ልጅ ከኋላው ያለውን ጉድጓድ የሚያየው የመውጫ ፈተናው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ነው።

ወላጅ ለምን እንደሚደነግጥ መረዳት ግን አይከብድም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱም ከዚያ ብዙም አልተሻለም። ከመቶ ልጆች ሦስት ባለፉበት ዘመን የዩኒቨርሲቲ ወንበር ያገኘ ልጅ ያለው ቤት ያንን ወንበር እንደ ርስት ነው የሚያየው። በሬ ሸጦ፣ ከዕቁብ አስቀድሞ አውጥቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ መርቆ የሸኘ አባት ልጁ በሦስተኛው ዓመት «ልረፍ» ሲለው የሚሰማው ቃል ሌላ ነው፦ «ርስቱን ጣልኩት»። ወረቀቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ወንበሩን የሚጠብቀው እሱ ነውና። የሚያፈርሰው ደግሞ ዝም ብሎ መጥፋት ነው። ይህን ለአባት የሚያስረዳው ሰው ማን ነው?

በዚህ አገር ለትዳር ሽማግሌ ይላካል፤ ለዕርቅ ሽማግሌ ይላካል፤ ለብድር እንኳ የሚያማልድ ይፈለጋል። ተማሪ ግን የሕይወቱን ትልቁን ወሬ ብቻውን፣ በስልክ፣ ካርዱ ሳያልቅ በሦስት ደቂቃ እንዲናገር ይጠበቃል። ቢያቅተው ይገርማል? አንድ የታላቅ እህት ባል፣ አንድ የቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ አንድ አባት የሚያከብሩት የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ሰው ቤት ድረስ ሄዶ «ልጅህ ታሟል፤ ዩኒቨርሲቲው የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ ይኸው፤ የሚመለስበት ጊዜ እዚህ ላይ ተጽፏል» ቢል ወሬው ሌላ መልክ ይይዛል። አባት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ያምናል። «አቋረጠ» የሚለው ጎረቤት ሲመጣም «ፈቃድ ላይ ነው» የሚል መልስ ይኖረዋል። ይህች ሦስት ቃል ቀላል ነገር አይደለችም፤ አንድ ዓመት ሙሉ አንገት ሳይደፋ ለመኖር ትበቃለች።

ለሴት ልጅ ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። ለዕረፍት ቤት የገባች ልጅ ብዙ ጊዜ የምትገባው ወደ ሥራ ነው። ጓዳው፣ ውኃው፣ ታናናሾቹ፣ የታመመው ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። ሁለት ወር ሳይሞላም «እስከዚያው» የሚል የትዳር ወሬ ይመጣል፤ ወይም ደላላ ስለ ቤይሩትና ስለ ሪያድ ማውራት ይጀምራል። ወንድሟ አንድ ዓመት ቤት ቢቀመጥ «እያረፈ ነው» ይባላል፤ እሷ ብትቀመጥ «ምን ትጠብቃለች?» ይባላል። ስለዚህ የት እንደምታርፍ መወሰን መውጣቷን ከመወሰን አያንስም። ለአንዳንዷ ልጅ ግቢው አጠገብ ቤት ተከራይታ፣ ልጆች እያስጠናች መኖር እናቷ ቤት ከመመለስ ይልቅ ዕረፍት ነው።

ደግሞም ከትምህርት ገበታ ወጥቶ መመለስ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ከግቢ ወጥቶ ማገልገል ግዴታው ነበር። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። አብዛኛው ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ተልኮ አስተማሪ ሆኖ፣ ዓመቱን ጨርሶ ለመጨረሻው ዓመት ይመለሳል። ያን ጊዜ አንድ ዓመት ከክፍል የራቀ ተማሪን «አቋረጠ» ያለው የለም። የሚወጣበት ቀን፣ የሚውልበት ቦታ፣ የሚመለስበት ዓመት ይታወቅ ነበርና። የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል፤ የእሱ ጣጣ ግን ሌላ ነውና ለአርአያነት አይጠቀስም።

የቅርቡም ትዝታ አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ ተብሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሙሉ ወደ ቤቱ ተላከ። ኮሮናው ሳይረሳ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተነሣ። የመቀሌ፣ የአክሱም፣ የአዲግራትና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ተቋረጠ፤ በ2014 ደግሞ ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ። የአራት ዓመት ዲግሪ ስድስትና ሰባት ዓመት የፈጀባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። የተማሪውን ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ መመለሻውን ሳይነግር ትምህርቱን ደጋግሞ የቆረጠ አገር፣ አንዲት ልጅ ፈቃድ ጠይቃ፣ ቀን ቆርጣ አንድ ዓመት ልረፍ ስትል «ሰነፍ» የሚላት በምን ሒሳብ ነው?

በሌላ በኩል ያለው አጉል ምክርም መነሳት አለበት። የማነቃቂያ ንግግር አቅራቢው መድረክ ላይ ወጥቶ «ቢል ጌትስ አቋርጧል፤ ዙከርበርግ አቋርጧል» ይላል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ጌትስ በ1975፣ ዙከርበርግ በ2004 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሐርቫርድ መውጣታቸው እውነት ነው። ሲወጡ ግን ድርጅቶቻቸው ሥራ ጀምረው ነበር። ሐርቫርድም ፈቃድ ወስዶ የወጣ ተማሪውን ተመልሶ ይቀበላል። ባይሳካላቸው ተመልሰው የሚገቡበት በር ነበራቸው ማለት ነው፤ የጌትስ አባት ደግሞ ስመ ጥር ጠበቃ ነበሩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ልጅ ይህን ሰምቶ ፎርም እንኳ ሳይሞላ ቢወጣ ከጌትስ ጋር የሚያመሳስለው ነገር የለም።

«ተመርቆስ ምን አገኘ?» የሚለው ክርክር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ተመርቆ ዓመታት ቤት የተቀመጠ ወንድም ያለው ልጅ ይህን ሲል ከመጽሐፍ አንብቦ አይደለም፤ በየቀኑ እያየው ነው። ዲግሪ ሥራ እንደማያረጋግጥ የማያውቅ የለም። የተጀመረ ዲግሪ ግን ከዲግሪም ከ12ኛ ክፍልም የተለየ ቦታ የለውም። ሦስት ዓመት ተምሮ የወጣ ሰው በቅጥር ማስታወቂያ ፊት 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ ነው። እጁ ላይ ያለችው ስቱደንት ኮፒ የትም አታስቀጥረውም። ሦስቱ ዓመት ዋጋ የሚያገኘው አራተኛው ሲጨመርበት ብቻ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሦስት ዓመት የተማረ ሰው የሦስት ዓመት ማስረጃ ሊኖረው ይገባ ነበር። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ግን የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሶ፣ ጤናው ሳይጓደል፣ ሥራ የለም ብሎ ብቻ የሚወጣ ልጅ የሦስት ዓመቱን ዋጋ ነው የሚጥለው። የመውጫ ፈተናውን ፈርቶ የሚወጣም እንዲሁ፤ ፈተናውን የወደቀ ሰው ደግሞ መቀመጥ ይችላል፤ ያልተቀመጠ ግን የሚደግመው ነገር የለውም።

አንደኛ ዓመት ላይ ሆኖ፣ ትምህርቱ ፈጽሞ እንደማይሆነው የገባው፣ እጁ ላይ የሚወደው ሙያ ያለው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ቢወጣ ነውር የለውም። እሱም ቢሆን ፎርሙን ሞልቶ ይውጣ። በሃያ ዓመት ዕድሜ የተወሰነ ነገር በሃያ ሦስት ሊቀየር ይችላል፤ ወረቀቱ ምንም አያስከፍለውም።

ሸክሙ ሁሉ ግን ተማሪው ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ዊዝድሮው ለመሙላት የሚመጣ ልጅ በአብዛኛው በሕይወቱ ደካማው ሳምንት ላይ ነው። ዲፓርትመንት ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ነገ ና ይላል፤ ፕሮክተሩ የፍራሽ ቆጠራ አላለቀም ይላል። ጤነኛ ሰው እንኳ የሚያሰለቸው ይህ ዙር ለታመመው ሳምንት ይፈጅበታል። ዙሩን ግማሽ ላይ ትቶ መናኸሪያ የሄደ ልጅ ስንት ይሆን? ለታመመ ተማሪ ክሊራንሱን አንድ የተማሪዎች አገልግሎት ሠራተኛ ይዞ ቢዞርለት ምን ይጎድላል? ሁለት ሳምንት ክፍል የቀረ ልጅ በአቴንዳንስ ይታወቃል፤ መምህሩ ይህን የሚጠቀምበት ፈተና ለመከልከል ብቻ ነው። ያንኑ ወረቀት ይዞ «ይህ ልጅ የት ገባ?» ብሎ ለዲፓርትመንቱ ማስታወቅ አዲስ በጀት አይጠይቅም።

ሌላው የመመለሻው ቀን ነው። የድጋሚ ቅበላ ማመልከቻ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነው። ማስታወቂያው ግቢው ውስጥ ይለጠፋል፣ ወይም የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ይወጣል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የምትኖር ልጅ ቀኑ ካለፈ በኋላ ሰምታ ትመጣለች፤ «ለዘንድሮ አልፎሻል» ተብላ ሌላ ዓመት ይጨመርላታል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ ታገባለች ወይም ትሰደዳለች። ፎርሙን በሞላችበት ዕለት ስልክ ቁጥሯን ጽፋለች። ቀኑ ሲቃረብ አንድ የጽሑፍ መልእክት ለመላክ ሬጅስትራሩ ምን ያንሰዋል?